ሙቀቱን የት ልጣለው? ኦክስጅን ኖት ኢንክሉድድን አስር ወር ተጫውቼ

አዳማ ውስጥ ፍሪጅ እጠግናለሁ። ከጀመርኩ አስራ አንድ ዓመቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ከመኖሪያ ቤት ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ጁስ ቤት እየዞርኩ ከሳጥን ውስጥ ሙቀት የማስወጣት ሥራ ላይ ነኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ላፕቶፔን ስከፍት ያው ሥራ ይቀጥላል። የማታው ሳጥን ግን ጠፈር ላይ የሚንሳፈፍ ትልቅ ድንጋይ ነው።

ጌሙ ኦክስጅን ኖት ኢንክሉድድ ይባላል። «ኦክስጅን አልተካተተም» እንደማለት ነው። የሠራው ካናዳ፣ ቫንኩቨር ያለው ክሌይ ኢንተርቴይንመንት ነው። ሙሉው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። እኔ እጅ የገባው ከአስር ወር በፊት፣ ውጭ አገር ያለ የአክስቴ ልጅ ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ በስጦታ ሲልክልኝ ነው። «አንተ የፍሪጅ ሰው ነህ፣ ትወደዋለህ» አለኝ። ልክ ነበር። ጌሙ ብዙ ነገር አለው፤ ሮኬት አለ፣ እንስሳት ማርባት አለ፣ በሽታ አለ። እኔ ግን አስር ወር ሙሉ ልቤን የያዘው ሙቀትና ብርዱ ስለሆነ ስለሱ ነው የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአስትሮይድ ሆድ ውስጥ ሦስት ሰዎች ይዛችሁ ትጀምራላችሁ። ዱፕሊካንት ይባላሉ፤ ተጫዋቹ ባጭሩ ዱፕ ይላቸዋል። ይቆፍራሉ፣ ይገነባሉ፣ ያመርታሉ፣ ይተኛሉ። አንድ ቀን ሳይክል ይባላል፤ 600 ሰከንድ ነው። መጀመሪያ የሚያስጨንቃችሁ አየር፣ ምግብና መጸዳጃ ቤት ነው። ሙቀት የሚባለው ጠላት ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ሲመጣም ቀድሞ የሚነግራችሁ የለም።

የመጀመሪያውን ሰፈሬን የገደለው እሱ ነው። ስምንት ዱፖች ነበሩኝ። አየሩ ጥሩ ነው፣ ውሃው ሞልቷል፣ ሁሉም ደስ ብሏቸዋል። ለመብራት ሦስት የከሰል ጄኔሬተር ተክያለሁ። ቦታ ለመቆጠብ ብዬ የተከልኳቸው ከእርሻው ግድግዳ ጀርባ ነበር። አንድ የከሰል ጄኔሬተር 600 ዋት ይሰጣል፤ አብሮ ግን በየሰከንዱ 9 ኪሎ ዲቲዩ ሙቀት ይለቃል። ዲቲዩ የጌሙ የሙቀት መለኪያ ነው። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም 110 ዲግሪ ነው። እኔ ግን አላየሁትም። ወደ 90ኛው ሳይክል ላይ ሚልዉድ የሚባለው ተክል «ማደግ አቁሟል» የሚል ምልክት አወጣ። ሚልዉድ የሚያድገው ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ቦታ ነው። እርሻዬ 31 ደርሷል። በአንድ ዲግሪ።

አንድ ዲግሪ ምን ይሆናል ብዬ ንቄው ነበር። ያቺን አንድ ዲግሪ ለመመለስ ግን ምንም መንገድ አልነበረኝም። ጄኔሬተሩን ባጠፋ ኦክስጅን የሚያመርተው ማሽን ይቆማል። ባላጠፋ እርሻው 32 ይሆናል፣ ከዚያ 33። ከአስር ሳይክል በኋላ ምግብ አለቀ። ዱፖቹ እየተራቡ አንድ በአንድ ወደቁ። ያን ሌሊት እስከ ሰባት ሰዓት ቁጭ ብዬ ምን እንደተፈጠረ አስብ ነበር።

አሁን ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ጥሩነቱም እዚህ ላይ ነው። ዓለሙ በሙሉ በትናንሽ ካሬዎች የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ ካሬ የራሱ ቁስ፣ የራሱ ክብደትና የራሱ ሙቀት አለው። ድንጋዩም፣ አየሩም፣ ውሃውም፣ መሬት ላይ የወደቀው ከሰልም፣ ቧንቧ ውስጥ ያለው ፈሳሽም። እያንዳንዱ ቁስ ደግሞ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛው ሙቀት የመያዝ አቅሙ ነው፤ አንድ ግራም ቁስን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ስንት ዲቲዩ ይፈልጋል? ሁለተኛው ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር ምን ያህል ቶሎ ይለዋወጣል?

ይህ ለእኔ ከምጣድ የበለጠ ምሳሌ የለውም። እማዬ የኤሌክትሪክ ምጣዷን ስትሰካ እስኪግል ድረስ ቡና አፍልታ ትጨርሳለች። ከጋለ በኋላ ግን ሶኬቱን ነቅላ እንኳ አንድ እንጀራ ታወጣለች። መብራት በሄደ ቁጥር «የመጨረሻዋን ቶሎ ልጋግር» ብላ የምትሮጠው ለዚህ ነው። ሸክላው ከባድ ነው፣ ብዙ ሙቀት ይይዛል፣ ቶሎ አይለቅም። ስስ የብረት መጥበሻ ደግሞ ከምድጃ ባወረዱት ቅጽበት ይቀዘቅዛል።

ጌሙ ውስጥ ምጣዱ ውሃ ነው። ሙሉ የውሃ ካሬ 1000 ኪሎ ይይዛል። የውሃ ሙቀት የመያዝ አቅም 4.179 ነው፤ የኦክስጅን 1.005። በክብደትም ቢሆን አንድ ካሬ አየር ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው። ስለዚህ አንድ ካሬ ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃው ሙቀት አንድ ካሬ አየርን ለማሞቅ ከሚፈለገው ከሁለት ሺህ እጥፍ በላይ ነው። ትልቅ የውሃ ገንዳ መሃል ሰፈር ያለው ሰው ሙቀቱን ለረጅም ጊዜ ሳያየው ይቆያል። ገንዳው ዝም ብሎ ይጠጣዋል። የጠጣው ሙቀት ግን የትም አልሄደም። 25 የነበረው ውሃ አንድ ቀን 40 ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ያኔ እሱን ማቀዝቀዝ መከራ ነው።

የማሳለፍ አቅም ደግሞ ግድግዳ ስትሠሩ ይመጣል። ግራናይት 3.39 ነው፤ ሴራሚክ 0.62፤ አሉሚኒየም 205። ሴራሚክ ከሸክላ የሚሠራ ሲሆን ሙቀት እንዳያልፍ ከፈለጋችሁ ወርቅ ነው። ሙቀት ቶሎ እንዲያልፍ ከፈለጋችሁ ብረት። ሙቀት ከልካይ ታይልና ሙቀት ከልካይ ቧንቧ የሚባሉ አሉ፤ ሙቀት የሚያስተላልፍ የብረት ቧንቧም አለ። ከሁሉም በላይ ሙቀት የሚከለክለው ግን ባዶ ቦታ ነው። አየሩን ሁሉ አውጥታችሁ ቫክዩም ካደረጋችሁት በዚያ በኩል ምንም አያልፍም። ፔርሙዝ ውስጥ ያለው ነገር ነው። የተሰበረ ፔርሙዝ ውስጡን ያየ ሰው ሁለት ግድግዳ እንዳለውና መሃሉ ባዶ እንደሆነ ያውቃል።

ይሄን ሁሉ የሚያሳያችሁ ኤፍ3 ነው። ስትጫኑት ዓለሙ በሙሉ በቀለም ይሸፈናል፤ ብርዱ ሰማያዊ፣ ሙቀቱ ቀይ። በአስር ወር ውስጥ እንደ ኤፍ3 የነካሁት ቁልፍ የለም። የመጀመሪያውን ሰፈሬን የሞተበትን ቀን መልሼ ከፍቼ ኤፍ3 ስጫን ከጄኔሬተሮቹ ጀርባ ቀዩ ልክ እንደ ፈሰሰ ወጥ በእርሻው ላይ ተዘርግቶ አየሁት። ዓይኔ ሥር ነበር።

ሁለተኛው ትምህርቴ ኤሌክትሮላይዘር ነው። ውሃን ሰንጥቆ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ያወጣል። በየሰከንዱ አንድ ኪሎ ውሃ ወስዶ 888 ግራም ኦክስጅንና 112 ግራም ሃይድሮጅን ይሰጣል። ችግሩ፣ የሚወጣው ጋዝ ከ70 ዲግሪ በታች አይሆንም። 20 ዲግሪ ውሃ ብትሰጡትም 70 ነው። ሰው መተንፈሻ ብሎ የሠራው ማሽን ሰፈሩን ቀስ በቀስ ይቀቅለዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሠራውን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ። ከምድር ውስጥ 95 ዲግሪ ውሃ የሚተፋ ምንጭ አገኘሁ። ሶደሬ ሄዶ የተነከረ ሰው ምን እንደሆነ ይገባዋል፤ ይሄኛው ግን ቆዳ ይልጣል። «በጣም ሞቃት ነው፣ አቀዝቅዤ ነው ለኤሌክትሮላይዘሩ የምሰጠው» አልኩ። አንድ ኪሎ ውሃ ከ95 ወደ 25 ለማውረድ ወደ 292 ኪሎ ዲቲዩ ማውጣት አለባችሁ። ይሄን ሁሉ ደክማችሁ ስትሰጡት ማሽኑ መልሶ 70 አድርጎ ይሰጣችኋል። ውሃውን በ95ቱ እንዳለ ብትሰጡትስ? ኦክስጅኑ 95 ሆኖ ይወጣል። 888 ግራም ኦክስጅንን ከ95 ወደ 25 ማውረድ ግን 62 ኪሎ ዲቲዩ ገደማ ነው። ሃይድሮጅኑን ብትጨምሩበት እንኳ 81 ነው። ከ292 ጋር አስተያዩት። ስለዚህ ትኩሱን ውሃ በቀጥታ ስጡት፤ ማቀዝቀዙን ለጋዙ አቆዩት። ማሽኑን ብቻ ከወርቅ አማልጋም ሥሩት፤ ተራው ማሽን 75 ዲግሪ ላይ ሲግል ይበላሻል፣ ወርቁ እስከ 125 ይታገሳል።

ይሄን ስሌት በወረቀት የሠራሁበትን ምሽት አልረሳውም። የጌም ስሌት መሆኑን ረስቼ እንደ ደንበኛ ሥራ ነው የያዝኩት።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ማቀዝቀዣው። ባለፈው ሚያዝያ አንዲት ጁስ ቤት ያላቸው እናት ደውለው ፍሪጁ አይቀዘቅዝም አሉኝ። ሄድኩ። የሁለት ዓመት ፍሪጅ ነው። ለቤቱ ውበት ሲባል በጂፕሰም ከሦስት ጎን ታጥሮ ግድግዳ ውስጥ ገብቷል። በጎኑ እጄን ሳስገባ አየሩ ይፋጃል።

«እትዬ፣ ፍሪጁ ታፍኖ ነው እንጂ አልተበላሸም» አልኳቸው።

«ታፍኖ ስትል? በሩ እኮ ይከፈታል ልጄ።»

«በሩ ሳይሆን ጀርባው ነው። ከውስጥ ያወጣውን ሙቀት የሚጥልበት አጣ።»

ጂፕሰሙ ፈረሰ፣ ፍሪጁ ሠራ። ያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ ጌሙን ስከፍት የራሴው ሰፈር ውስጥ ልክ እንደሳቸው አድርጌ ነበር።

ጌሙ ውስጥ ትልቁ ማቀዝቀዣ አኳቱነር ይባላል። 1200 ዋት ይበላል። በውስጡ የሚያልፈውን ፈሳሽ በ14 ዲግሪ ያቀዘቅዛል፤ በሰከንድ እስከ 10 ኪሎ። ውሃ ሲያልፍበት ወደ 585 ኪሎ ዲቲዩ በሰከንድ ያነሳል። ከእነዚያ የከሰል ጄኔሬተሮች የስድሳ አምስቱን ሙቀት ማለት ነው። ያነሳውን ግን የትም አያጠፋውም። በሙሉ የራሱ ገላ ላይ ያወርደዋል። እኔ አኳቱነሩን ትንሽ ዝግ ክፍል ውስጥ፣ በአየር ተከብቦ አስቀምጬው ነበር። አየር ደግሞ እንዳልኳችሁ ምንም አይዝም። ደቂቃ ሳይሞላ ጋለ፣ ምልክት አወጣ፣ ተሰበረ። ዱፕ ጠገነው። ጋለ፣ ተሰበረ። የጁስ ቤቱ ፍሪጅ ነው ያለ ጂፕሰም።

መፍትሄው የእንፋሎት ክፍል ነው። አኳቱነሩን ከስቲል ትሠሩታላችሁ፤ ያኔ እስከ 325 ዲግሪ ይታገሳል። ሙቀት በማያሳልፍ ግድግዳ ትዘጉታላችሁ። ወለሉ ላይ ጥቂት ውሃ ታደርጋላችሁ። አኳቱነሩ ውሃውን አፍልቶ እንፋሎት ያደርገዋል። ከላይ የእንፋሎት ተርባይን ትሰቅላላችሁ። እንፋሎቱ 125 ዲግሪ ሲያልፍ ተርባይኑ ይስበዋል፤ በሰከንድ እስከ 2 ኪሎ። 95 ዲግሪ ውሃ አድርጎ ይመልሰዋል፤ እግረ መንገዱን እስከ 850 ዋት ያመነጫል። እንፋሎቱ 200 ዲግሪ ከሆነ ተርባይኑ በሰከንድ ወደ 878 ኪሎ ዲቲዩ ይበላል። አንድ አኳቱነር በውሃ ከሚያመጣው ይበልጣል። ተርባይኑ ራሱ 100 ዲግሪ ካለፈ ይቆማል፤ ስለዚህ ከቀዘቀዘው ፈሳሽ ትንሽ በቧንቧ በጀርባው አሳልፉለት።

ይሄን ለመጀመሪያ ጊዜ አስተካክዬ የሠራሁት በአራተኛው ወር ነው። ስቲሉን ለማግኘት ብቻ ስንት ምሽት ፈጅቶብኛል። ብረት ማቅለጫው ለአንድ ዙር 400 ኪሎ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ይፈልጋል፤ አንድ ዙር ስቲል ያን ውሃ ከ50 ዲግሪ በላይ ያሞቀዋል። ሞቅ ያለ ውሃ ከሰጣችሁት ቧንቧ ውስጥ ፈልቶ ቧንቧውን ይፈነዳዋል። የኔን ሦስቴ ፈንድቶብኛል። ግን አኳቱነሩ ሲነሳ፣ ክፍሉ ቀስ እያለ 110፣ 120፣ 126 ሲል፣ ተርባይኑ መዞር ሲጀምር ከወንበሬ ተነሳሁ። እርሻው 24 ዲግሪ ላይ ቆመ። እስካሁን እዚያው ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ጉዳት ልንገራችሁ፣ እንዳትደግሙት። አኳቱነር የገባውን ሁሉ በ14 ዲግሪ ነው የሚቀንሰው። የገባው ውሃ 10 ዲግሪ ከሆነ የሚወጣው ከዜሮ በታች 4 ነው። ጌሙ ላይ ውሃ የሚቀዘቅዝበት ነጥብ ከዜሮ በታች 0.65 ቢሆንም ቁሱ የሚለወጠው ነጥቡን በ3 ዲግሪ ሲያልፍ ነው፤ 4 ላይ ግን አልፎታል። ቧንቧው ውስጥ በረዶ ሆነ፣ ቧንቧው ተሰነጠቀ፣ እርሻው በውሃ ተጥለቀለቀ። አሁን ከአኳቱነሩ በፊት የቧንቧ ሙቀት መለኪያ አድርጌ «ከ20 በታች ከሆነ አትሥራ» ብዬዋለሁ። ቴርሞስታት ነው በቃ። ውሃውንም በቆሻሻ ውሃ ለውጬዋለሁ። ሙቀት የመያዝ አቅሙ ከንጹህ ውሃ እኩል ነው፤ የሚቀዘቅዘው ግን ከዜሮ በታች 20.65፣ የሚፈላውም 119.35 ላይ ነው። ቧንቧ ውስጥ ለማዞር ከንጹሁ ይሻላል።

እስካሁን አሞገስኩ። እንደ ባለሙያ የማይዋጥልኝም አለ።

አንደኛ፣ ጌሙ ውስጥ በረዶ ሲቀልጥ፣ ውሃ ሲተን ተጨማሪ ሙቀት አይጠጣም። እውነተኛው ዓለም ላይ ዜሮ ዲግሪ ያለ አንድ ኪሎ በረዶን ዜሮ ዲግሪ ውሃ ለማድረግ ብቻ ወደ 334 ኪሎ ጁል ይፈልጋል። ያንኑ ውሃ በ80 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። የኔ ሙያ በሙሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ጋዝ ሲተን ሙቀት ይጠጣል፣ ጀርባ ላይ ወደ ፈሳሽ ሲመለስ ይተፋዋል። አያቴ ውሃ የምታስቀምጥበት እንስራም እንደዚያው ነው። ሸክላው ያልበዋል፣ ላቡ ይተናል፣ ሲተን ከውሃው ላይ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ለዚያ ነው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ በግንቦት ፀሐይ፣ የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘው። ጌሙ ውስጥ እንስራ ምንም አያቀዘቅዝም። አዘጋጆቹ ለምን እንደተዉት ይገባኛል፤ ለተጫዋቹም ለኮምፒውተሩም ስሌቱ ይከብድ ነበር። ቢሆንም ባየሁት ቁጥር ቅር ይለኛል።

ሁለተኛ፣ አኳቱነሩ ምንም ቢሞቅ ሥራው አይከብደውም። 1200 ዋት ነው፣ 14 ዲግሪ ነው፣ አለቀ። በእውነቱ ግን ጀርባው በሞቀ ቁጥር ኮምፕረሰር ይጨነቃል። እኔ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ስልኬ የማያርፈው ለዚህ ነው። የከተማው ፍሪጅ ሁሉ በአንድ ወር አይበላሽም፤ ውጭው ስለሚሞቅ ሙቀት መጣል ስለሚያቅታቸው ነው።

ሦስተኛ፣ ተርባይኑ። 200 ዲግሪ እንፋሎት ይገባል፣ 95 ዲግሪ ውሃ ይወጣል፣ ከመሃሉ የጠፋው ሙቀት አብዛኛው በቃ ጠፋ። ኤሌክትሪክ ሆኖ የወጣው እንኳ ከጠፋው ጋር አይገናኝም። ዝዋይና ላንጋኖ ሐይቆች መሃል ያለው አሉቶ የአገራችን የመጀመሪያው የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ነው። እንደዚያ ያለ ጣቢያ ከምድር ሆድ ያወጣውን ሙቀት ከፊሉን ብቻ ነው ኤሌክትሪክ የሚያደርገው፤ የቀረውን ወደ አካባቢው ይለቀዋል። የሚጥልበት ከሌለው አይሠራም። ጌሙ ግን ይሄን አንድ በር ከፍቶ ትቶልናል። ባይከፍተው ኖሮ ዝግ ድንጋይ ውስጥ ማንም አይተርፍም ነበር፤ ስለዚህ አልጣላውም።

እነዚህን ሁሉ ብዬም ለአንድ ሰው ጌሙ ያደረገለትን ማንሳት አለብኝ። አብሮኝ የሚሠራ የ17 ዓመት ልጅ አለ። ጎበዝ ነው፣ እጁ ፈጣን ነው። ኮንደንሰር፣ ኢቫፖሬተር፣ ኮምፕረሰር በሉት በቃሉ ይነግራችኋል። ግን አይገባውም ነበር። «ጋሼ፣ ማቀዝቀዣ ከሆነ ለምን ጀርባው ይሞቃል?» ብሎ ስንቴ ጠይቆኛል። ስንቴ ነግሬዋለሁ። እሺ ይላል፣ ዓይኑ ግን እሺ አይልም።

አንድ እሁድ ማታ ቤት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አኳቱነር እያስነሳሁ ነበር። ኤፍ3 ተጫንኩ። የሚወጣው ቧንቧ ሰማያዊ እየሆነ፣ እርሻው ከብርቱካን ወደ አረንጓዴ እየተመለሰ፣ አኳቱነሩ ደግሞ እየቀላ እየቀላ ሄደ። ጨዋታውን አቆምኩትና እርሻው ላይ አይጡን አድርጌ ቁጥሩን አሳየሁት። ከዚያ ማሽኑ ላይ። ልጁ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ «ጋሼ፣ ከዚህ የጎደለው ነው እኮ እዚያ ያለው!» አለ። በማግስቱ ቀበሌ ውስጥ አንድ ቤት ሄደን፣ እኔ ሳልነግረው መጀመሪያ ያደረገው ነገር ፍሪጁን ከግድግዳው አንድ ክንድ መሳብ ነበር።

ስለ ብርዱ ባጭሩ ልበል። የአዳማ ልጅ ብርድ አያውቅም፤ እኔም ጌሙ ላይ ያለው የበረዶ ክልል ሲገኝ እንደ ሀብት ነው ያየሁት። ሀብትም ነው። ግን የሚያልቅ ሀብት ነው። ቧንቧ አሳልፋችሁበት ሙቀት ስትጥሉበት ቀስ እያለ ይቀልጥና ውሃ ይሆናል፤ ከላይ ባልኩት ምክንያትም ከምትገምቱት ቀድሞ ያልቃል። እዚያ ውስጥ ዊዝዎርት የሚባል ጋዝ የሚያቀዘቅዝ ተክል ታገኛላችሁ። ዕድለኛ ከሆናችሁ ደግሞ በሰከንድ 10 ግራም ሃይድሮጅን እየበላ 80 ኪሎ ዲቲዩ የሚያጠፋ አሮጌ ማሽን አለ። ለጀማሪ ሰፈር እሱ ብቻ በቂ ነው። ስቲል እስክታገኙ ያቆያችኋል። በ2024 የወጣው ዘ ፍሮስቲ ፕላኔት ፓክ የሚባል ተጨማሪ ክፍልም አለ። እዚያ ችግሩ ይገለበጣል፤ ዱፖቹ ይበርዳቸዋል፣ እሳት ዳር ሄደው ይሞቃሉ። ጄኔሬተሩን እርሻው ጀርባ መትከል እዚያ ጥፋት ሳይሆን ብልሃት ነው። አንድ ሰፈር ጀምሬበታለሁ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ሥራዬ አይደለም መሰለኝ ወደ ሙቀቱ ተመለስኩ።

ስለ ላፕቶፑ። የኔ 8 ጊጋ ራም ያለው፣ ያገለገለ የተገዛ ነው። እስከ 200ኛው ሳይክል ምንም አይልም። ከዚያ በኋላ እየከበደ ይሄዳል። ጌሙ የሁሉንም ካሬ ሙቀት፣ የእያንዳንዱን ዱፕ መንገድ ሁልጊዜ እያሰላ ስለሆነ የሚያስጨንቀው ፕሮሰሰሩን ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስጫወት ላፕቶፑ ራሱ ሌላ አኳቱነር ሆነ። ከፍቼ አየሁት፤ ፋኑ በአዳማ አቧራ ተደፍኗል፣ የፕሮሰሰሩ ፔስት ደርቆ ቅርፊት ሆኗል። አጽድቼ ፔስቱን ቀየርኩት፤ ከሥሩም ሁለት የእንጨት ቁራጭ አድርጌ አየር እንዲያገኝ አነሳሁት። አሁን ይሠራል። 640ኛው ሳይክል ላይ ግን ፈጣኑን ፍጥነት አይችልም። አስራ ስድስት ዱፖች አሉኝ፤ ከዚያ በላይ አልጨምርም።

መብራት ሲሄድ የሚያናድድ ጌም አይደለም። በየሳይክሉ ራሱ ይመዘግባል፤ ባትሪዬ አሮጌ ስለሆነ ይሄ ብዙ ጊዜ አድኖኛል። ኢንተርኔትም አይፈልግም፣ አንዴ ካወረዳችሁት በቃ። በስቲም ላይ ቅናሽ የሚወጣበትን ጊዜ መጠበቅ ያዋጣል። በአማርኛ የለም፤ እንግሊዝኛው ብዙ ነው፣ የቴክኒክ ቃልም ይበዛበታል። ለልጆች አብሯቸው የሚቀመጥ ትልቅ ሰው ቢኖር ጥሩ ነው። ጌሙ ራሱ ሙቀትን በደንብ አያስተምርም፤ ብዙውን ነገር ከስህተት ነው የምትማሩት። ለሥራ ደክሞት ጥቂት ዘና ማለት ለሚፈልግ ሰው አልመክርም። ነገር ፈቶ ማየት ለሚወድ ግን፣ በተለይ ለመካኒክ፣ ለኤሌክትሪሻን፣ ለኢንጂነሪንግ ተማሪ፣ ከዚህ የሚሻል አላየሁም።

ሰሞኑን ከሰፈሩ በታች በስተግራ 500 ዲግሪ እንፋሎት የሚተፋ ቀዳዳ አግኝቻለሁ። ከርቀት በኤፍ3 ሳየው ነጭ ሊሆን የደረሰ ቀይ ነው። ዙሪያውን በሴራሚክ ታይል ዘግቼዋለሁ፤ በአንድ በኩል ቫክዩም አድርጌበታለሁ። ሁለት ተርባይን ተሰቅሏል። ለሦስተኛው ፕላስቲክ ጎድሎኛል። ልጁም በየቀኑ ሥራ ላይ «ጋሼ፣ ቀዳዳው ተከፈተ?» ይለኛል። ቅዳሜ ማታ አብረን እንከፍተዋለን ብዬዋለሁ።